የወንዝ ዳሩን የእግር መንገድ ያወጡት የእትዬ ሜትር የሕይወት ታሪክ

ሁላችሁም እትዬ ሜትር እያላችሁ የምትጠሯቸው፣ ዛሬ ልትሸኟቸው የተሰበሰባችሁላቸው እናት፣ ከድንጋይ ካባው ዘበኛ ከአባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ ከእናታቸው በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከታችኛው ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ወንዙና ገደሉ ተቀራርበው ለአንድ ግቢ ብቻ ቦታ በተዉበት ስፍራ ላይ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ቤቲቱ ዛሬ የለችም። ይህ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ለቤተሰቡ ቀርቦ ነበር። «እንዲህ ያለ ነገር በቀብር ላይ አይነበብም» ያሉ ነበሩ። ሟቿ ግን በሕይወት ሳሉ «ስሞት የሚጻፈው ነገር የኔ እንዲሆን እፈልጋለሁ፣ የሌላ ደግ ሴትዮ አይሁን» ብለው የወንድማቸውን ልጅ አደራ ስላሏት፣ አደራዋን ጠብቃ እንደሚከተለው ጽፋዋለች።

እትዬ ሜትር ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ከሳቸው ሦስት ዓመት በኋላ ወንድማቸው፣ ከዚያም በ1952 ዓ.ም. የመጨረሻው ልጅ ተወለደ። አባታቸው ካባውን ቀንም ሌሊትም ሲጠብቁ፣ እናታቸው ደግሞ በመስኮቱ ሥር ከልብስ ስፌት መኪናቸው ጋር ውለው ያመሹ ነበር። በሰፈሩ ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ አልነበረም። በላይ በኩል አስፋልቱ፣ በታች በኩል ወንዙ፣ በመካከል ቤት በቤት ላይ ተደርቦ ነው ያለው። ስለዚህ ልጆቹ የሚጫወቱት ካባው አፋፍ ላይ ነበር። በአንድ በኩል ቁፋሮው ከቆመ ወዲህ ጉድጓዱ የዝናብ ውሃ አቁሮ እንደ ትንሽ ሐይቅ ሆኖ ነበርና፣ ጠጠር ሲወረውሩበት የሚሰማው ድምፅ ደስ ይላቸው ነበር።

በነሐሴ ወር 1958 ዓ.ም. አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ እናታቸው የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትእዛዝ ተደራርቦባቸው ሳለ፣ ታናሹ ልጅ መርገጫው ሥር እየገባ ስላስቸገራቸው ለእትዬ ሜትር «ይዘሽልኝ ውጪ፣ ከእግሬ ሥር ይጥፋልኝ» አሏቸው። እትዬ ሜትር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ይዘውት ወጡ። አፋፉ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ጠጠር እየቀለቡ ሳለ ትንሹ የጨርቅ ኳሱን ተከትሎ ወረደ። ሲገባ ያየው ሰው የለም። መጀመሪያ የታየችው አንድ እግር ጫማው ናት፤ ውሃው ላይ ተንሳፋ ነበር። ካባ ጠራቢዎች በረጅም እንጨት እየጎረጎሩ ሲያወጡት ሰዓቱ ተሲያት ሆኖ ነበር።

እናታቸው ልጃቸውን ታቅፈው እያለቀሱ ቀና ብለው «አንቺ የት ነበርሽ?» አሏቸው።

«እዚያው ነበርኩ» አሉ።

«እዚያው ከነበርሽ ምነው አንቺ አልገባሽም?»

ይህ ጥያቄ ሁለተኛ አልተጠየቀም፤ ግን ደግሞ «አፌን አዳልጦኝ ነው» ያለም የለም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እትዬ ሜትር የእናታቸውን የልብስ መለኪያ ሜትር እየሰረቁ ከቤታቸው እስከ ካባው፣ ከካባው እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከ አስፋልቱ ሲለኩ ይውሉ ጀመር። ለመለኪያው ስንት ጊዜ እንደተገረፉ እሳቸውም ቆጥረው አይዘልቁትም። «እትዬ ሜትር» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ወንድማቸው ነው። እህቱ ወደ ሄደችበት ሁሉ የመለኪያውን ጫፍ ይዞ ከኋላ ከኋላ ይከተል ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ጀምረው በ1964 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። በሂሳብና በጂኦሜትሪ የሚወዳደራቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት የንድፍ ሥራ ተምረው በ1966 ዓ.ም. በከተማው ማዘጋጃ ቤት በነዳፊነት ተቀጠሩ። የንድፍ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ተዳፋት ጠረጴዛ፣ ረጅም ማስመሪያ፣ አፍንጫ የሚቆርጥ የማባዣ ፈሳሽ ሽታ። ከአሥራ አንድ ወንዶች መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። ወንዶቹ «እስቲ ቀጭን መስመር ሲያስፈልግ እሷን ጥሯት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ቀጭኑንም ወፍራሙንም ያለሳቸው የሚያሰምር ጠፋ።

በ1969 ዓ.ም. በዚያው መሥሪያ ቤት ቀያሽ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ዝምተኛ፣ ችካል ሲተክሉ እንኳ መሬቷን ይቅርታ የሚጠይቁ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። በ1971 ሴት ልጅ፣ በ1974 ወንድ ልጅ ወለዱ። ወንድማቸው በበኩሉ ብየዳ ተምሮ፣ አባታቸው ካረፉ በኋላ በተወለዱበት ግቢ የብየዳ ቤት ከፍቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ እናታቸውንም ይዞ እዚያው ይኖር ነበር። ሚስቱ በወሊድ ስታርፍበት የቀረችው ልጁ ይህን የምትጽፈው ናት። በየእሑዱ እትዬ ሜትር ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። የወንድማቸውን ልጅ ፀጉር የሚያበጥሩት፣ ጥፍሯን የሚቆርጡት፣ የትምህርት ቤት ወላጅ ሆነው የሚቆሙላት እሳቸው ነበሩ። ልጅቱም «አንቺ» ነበር የምትላቸው።

በ1980 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ የክፍት ቦታና የመዝናኛ ሥፍራ ክፍል አቋቁሞ እትዬ ሜትርን ኃላፊ አደረጋቸው። ክፍሉ ደረጃ ሥር የነበረ፣ ቀድሞ የመጥረጊያ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ቤት ነው። ከሳቸው በታች የሚታዘዝ አልነበረም፤ ኃላፊነታቸው ለራሳቸው ነው። ባለጉዳዮች በሩ ላይ የተለጠፈውን እያነበቡ «መዝናኛ የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ? ለሠርግ ስንት ነው?» እያሉ ይገቡ ነበር። እሳቸውም ሳይስቁ «ሠርግ የለንም፣ ልጅ አለዎት?» ይሏቸዋል። «አለኝ» ያለ ሰው ሳያስበው ተቀምጦ ልጁ የት እንደሚጫወት፣ ከቤቱ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ መንገድ ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥ ሲመልስ ይቆያል።

ዕቅዳቸው ይህ ነበር። ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው ድልድይ፣ ወንዙን ተከትሎ፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ፤ መኪና የማይገባበት፣ ግራና ቀኙ ዛፍ፣ በየመቶ ሜትሩ መቀመጫ። መጨረሻው ላይ የካባው ጉድጓድ ተሞልቶ የልጆች ሜዳ ይሆናል። ከመሳቢያቸው አንድ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር አይጠፋም ነበር። በውስጡ ካባው ውስጥ የሞቱ ልጆች ስም፣ ዕድሜና ቀን ተጽፏል። የመጀመሪያው የትንሹ ወንድማቸው ነው። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ላይ ዘጠነኛውን ጻፉ። ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ተልካ ሳሙና ለመግዛት ስትሄድ ነው የገባችው። በማግስቱ ደብተሩን ይዘው የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ገቡና ሳይጠሩ ቆመው ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ዕቅዱ የጸደቀው በዚያ ቀን ነው።

ከጸደቀ በኋላ ነዋሪውን የማወያየት ሥራ መጣ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በተደረገው ስብሰባ ላይ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። አንዲት አትክልት ነጋዴ ተነስተው «መንሸራሸሪያ ነው ያላችሁት? እኛ ስንሸራሸር አይታችሁን ታውቃላችሁ? ከጠዋት እስከ ማታ ስንሮጥ ነው የምንውለው!» ብለው አዳራሹን በሳቅ ሞልተውት ነበር። ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ አዛውንት «ቤታችንስ?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ሜትር ካርታውን ግድግዳው ላይ ዘርግተው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ «መስመሩ ከቤት ኋላ ነው የሚያልፈው። ባለቤቱ ወዶና ፈቅዶ ካልፈረመ በቀር የማንም ቤት አይነካም። ቃሌ ነው» አሉ። ወንድማቸው ከኋላ ወንበር ተነስቶ ያጨበጨበው የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ቃላቸውን ሲሰጡ ከልባቸው ነበር። በዕቅዳቸው መሠረት፣ መንገዱ ገደሉ ጋ ሲደርስ በትንሽ ድልድይ ወደ ማዶ ተሻግሮ በእንጨት መሰንጠቂያው መጋዘን በኩል አልፎ ይመለሳል። የተወለዱበትን ቤት አይነካም። በ1995 ዓ.ም. ጥር ላይ ግን ዋናው መሐንዲስ አስጠርቷቸው በሩን ዘጋና «በመሰንጠቂያው በኩል አትምጪብኝ» አላቸው። የመሰንጠቂያው ባለቤት ከምክር ቤቱ ሰዎች ጋር አንድ ማዕድ የሚቀርብ ሰው ነበር። «በወዲህ በኩል ደግሞ ያለው አንድ ቤት ነው። የባለቤቱን ፊርማ እስከ ዓርብ ካመጣሽ መንገዱ ይሄዳል። ካላመጣሽ የሥራው ገንዘብ ለሌላ ከተማ ይሰጣል፣ ጉድጓዱም አፉን እንደከፈተ ይቀራል።»

«የማን ቤት እንደሆነ ያውቃሉ?» አሉት።

«ስለማውቅ ነው አንቺን የጠራሁሽ» አላቸው።

ሦስት ቀን ለማንም አልተናገሩም። ባለቤታቸው «ምን ሆነሻል?» ሲሏቸው «ጥርሴን ነው» አሉ። በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ ወረቀቱን በቦርሳቸው ይዘው ወደ ወንድማቸው ሄዱ። ወንድማቸው የመስኮት ፍርግርግ እየበየደ ነበር። ሲያያቸው መከላከያውን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «ዛሬ በምን እግርሽ መጣሽ?» ብሎ ሳቀ። እትዬ ሜትር ወረቀቱን አውጥተው ቀያሾች ለልኬት ወደ ግቢው እንዲገቡ መፍቀጃ ነው አሉት።

«አንብበሽዋል?» አላቸው።

«አንብቤዋለሁ።»

«በቃ፣ ያንቺ ማንበብ የኔ ማንበብ ነው» ብሎ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ በብየዳ የጠቆረ ጣቱ ወረቀቱን እንዳያቆሽሸው እየተጠነቀቀ ፈረመ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቤቱንና ይዞታውን በፈቃዱ ለቅቆ ምትክ ቤት ለመውሰድ መስማማቱን ነው። ወንድማቸው ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ልጁ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የነርስነት ትምህርት ጀምራለች፤ አጠገባቸው ቆማ ለአክስቷ ውሃ እየቀዳች ነበር። ወረቀቱ ከፊቷ ተዘርግቶ ነበር። አላነበበችውም። አክስቷን ማመን የምታውቀው ከንባብ በፊት ነውና።

የአፍርሱ ማስታወቂያው ከሦስት ወር በኋላ በሩ ላይ ሲለጠፍ ወንድማቸው ስህተት መስሎት ራሱ ነቅሎ ወደ እህቱ ቢሮ ሄደ። ደረጃ ሥር ያለችው ጠባብ ቤት ውስጥ ምን እንደተባባሉ ያወቅነው እትዬ ሜትር ከሃያ ዓመት በኋላ ሲናገሩ ነው። ወንድማቸው አልጮኸም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ካርታውን ሲያይ ቆየና «እትዬ፣ ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር» አላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ «እትዬ» ብሎ አልጠራቸውም።

ቤቱ የፈረሰው በጥር ወር 1996 ዓ.ም. ነው። እናታቸው አልነሳም ስላሉ ሁለት ሠራተኞች ከነወንበራቸው ተሸክመው አወጧቸው፤ የስፌት መኪናቸው በኋላ በጋሪ ተከተለቻቸው። ወንድማቸው ዋናውን በር ነቅሎ ለመውሰድ አንድ ሰዓት ለመነ። ለሠርጉ ብሎ ራሱ የሠራው፣ ላዩ ላይ ወፎች የተበየዱበት የብረት በር ነበር። የአፍራሾቹ አለቃ ወደ እትዬ ሜትር ዞር አለ። እትዬ ሜትር ሰዓታቸውን አዩ። የማፍረሻ መኪናው የተከራየው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። «ሃያ ደቂቃ» አሉ። ወንድማቸው በመዶሻም በመጋዝም ታገለ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ላቡን ጠርጎ ለልጁ «ምን ላድርግ፣ በደንብ በይጄዋለሁ» አላትና ከመኪናው ፊት ዞር አለ። በሩ ከግድግዳው ጋር አብሮ ወደቀ። የወንድማቸው ልጅ በዚያ ቆማ፣ ፊታቸውን እያየች «እግዜር ይስጥዎት» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ «አንቺ» ብላቸው አታውቅም።

እትዬ ሜትር በማግስቱ በሰዓቱ ቢሮ ገቡ። ባለቤታቸው ግን አልገቡም። ወንድሟ ያውቃል ተብለው በአማታቸው ግቢ ችካሉን በገዛ እጃቸው የተከሉት እሳቸው ነበሩና፣ በዚያው ሳምንት ሥራቸውን ለቀቁ። ሚስታቸውን ግን አልለቀቁም። በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ አብረዋቸው ኖሩ፤ ስለዚያ ችካል አንድም ቀን አላነሱም። እትዬ ሜትር «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» ይሉ ነበር።

መንገዱ በ1998 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ተመረቀ። መነገር ያለበት ይነገር፤ ያማረ መንገድ ነው። አሮጊቶች ሳይገፈተሩ ይሄዱበታል። ልጆች ያለ ከልካይ ይሮጡበታል። ያቺ አትክልት ነጋዴ እንኳ ከሥራ በኋላ ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ሲቀመጡ ታይተዋል። የካባው ጉድጓድ ተሞልቶ ሜዳ ከሆነ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። በእነዚህ ዓመታት በደብተሩ ላይ አሥረኛ ስም አልተጻፈም። በመግቢያው ድንጋይ ላይ ግን የተቀረጸው የእሳቸው ስም አይደለም። የመቀመጫዎቹን ጣውላ ስለሰጠ የመሰንጠቂያው ባለቤት ስም ነው። በምረቃው ቀን ሪባኑን የቆረጠውም እሱ ነበር፤ እትዬ ሜትር መቀሱ የተቀመጠበትን ትሪ እንዲይዙ ተደርገው ነበር።

ለወንድማቸው የተሰጠው ምትክ ቤት ከከተማው ላይኛ ጫፍ፣ ለብየዳ የሚበቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ያልገባበት ቦታ ነበር። ስለዚህ በታችኛው ሰፈር የሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት ጀመረ። ከቤቱ እስከ ጋራዡ የሚወስደው አጭሩ ጎዳና ያ የእግር መንገድ ነበር። ወንድማቸው ግን አንድም ቀን አልረገጠውም። በአስፋልቱ ዳር፣ የእግረኛ መሄጃ በሌለበት፣ የከባድ መኪና ንፋስ ኮፍያውን እየወሰደበት ሰባት ዓመት ተመላለሰ። ልጁ ስትለምነው «እኔ በማውቀው ነው የምሄደው» ይላት ነበር። በሰኔ ወር 2005 ዓ.ም.፣ ከሥራ ሲመለስ፣ ለጎረቤት ሕፃን የሠራውን አነስተኛ የብረት አልጋ በትከሻው ተሸክሞ ሳለ፣ የጭነት መኪና ገጨው። አልጋው ምንም አልሆነም። የወደቀበት ቦታና የእግር መንገዱ መካከል ያለውን ርቀት እትዬ ሜትር በኋላ ሄደው ለኩት። ሠላሳ አንድ ሜትር ነው።

ወንድማቸው ከሞተ በኋላ እናታቸው መሄጃ አልነበራቸውም። የወንድማቸው ልጅ በሆስፒታሉ የነርሶች ማደሪያ ትኖር ስለነበር፣ እናታቸው ወደ እትዬ ሜትር ቤት ገቡ። በዚያች ቤት፣ ፀሐይ በሚገባባት የፊት ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት ከልጃቸው ጋር ሳይነጋገሩ ኖሩ። የሚፈልጉትን ነገር የሚልኩት በየዕለቱ ብቅ በምትለው በወንድማቸው ልጅ በኩል ነበር። እትዬ ሜትር ሳህኑን ይዘው እፊታቸው ቆመው ሳለ «ለሴትዮዋ ንገሪልኝ፣ ሾርባው ጨው ያንሰዋል» ይላሉ። በማግስቱ ጨው ይጨመራል። «ለሴትዮዋ ንገሪልኝ፣ ዛሬ ደግሞ በዛ።» እትዬ ሜትር እግራቸውን ሲያጥቧቸው ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞራሉ። አንድ ጊዜ የሰፈሩ ኮሚቴ ሜዳው በእትዬ ሜትር ስም ይጠራልን ብሎ ለማመልከት ሽማግሌ ልኮ ነበር። እናታቸው ከክፍላቸው ሆነው ሰሙና «ንገሪያት፣ እኔ ያወጣሁላትን ስም እዚያ ላይ አልፈቅድም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። እትዬ ሜትር በር ድረስ ሸኝተዋቸው ተመልሰው ብርጭቆዎቹን አጠቡ።

እትዬ ሜትር በ2001 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብተው ነበር። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ መንገዱን ከጫፍ ጫፍ እየሄዱ የተሰበረ መቀመጫ፣ የደረቀ ዛፍ፣ የተዘጋ የውሃ መውረጃ እየመዘገቡ ለማዘጋጃ ቤቱ ይልኩ ነበር። የሚያነብላቸው ነበር ለማለት አንደፍርም። ገደሉ ጋ፣ ቤታቸው ከነበረበት ቦታ ሲደርሱ ግን አይቆሙም ነበር፤ እርምጃቸውን ፈጠን ያደርጋሉ።

በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ሴት ልጃቸው በሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት፣ ወንድ ልጃቸው በረጅም መንገድ ሹፌርነት ሥራ ላይ ስለሆኑ፣ ያስታመመቻቸው የወንድማቸው ልጅ ናት። በዚያች ቤት ሁለት አልጋ ነበረባት፤ ከወዲህ አያቷ፣ ከወዲያ አክስቷ። መርፌያቸውን ትወጋቸዋለች፣ አንሶላቸውን ትቀይራለች፣ ጀርባቸውን ታገላብጣለች፣ ሁሉንም ታደርጋለች፤ ከንፈሯ ላይ ግን «እርስዎ» ብቻ ነበር።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሜትር እጇን ያዝ አደረጉና «አባትሽን ለምን እንዳልጠየቅሁት ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አላውቅም» አለች።

«እምቢ ቢለኝስ ብዬ ነው። እምቢ የማለት ዕድል ነው የነፈግሁት። እሱ ደግሞ እሺ ሊል ነበር።» ቀጥለውም «ይቅር በይኝ» አሏት።

 ለወንድማቸው ልጅ እሺ ማለት ቀላል ነበር። የምትሞት ሴት ናት፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፣ ቃሉም አንድ ቃል ነው። ግን አባቷ በአስፋልቱ ዳር፣ አልጋ ተሸክሞ፣ ሲሄድ ታያት። ደግሞም ያን ወረቀት ማንበብ የምትችለው እሷ ነበረች፤ ሌላውን ይቅር ብላ ራሷን የት ታደርሳታለች? «አልችልም፣ አክስቴ። ብዋሽዎት ያውቁብኛል» አለች።

 እትዬ ሜትር «እውነትሽን ነው። ውሸት የማውቀው እኔ ነኝ» አሉና ውሃ ጠየቁ። ራሳቸውን ደግፋ አጠጣቻቸው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ አልተነሳም። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሰጠቻቸው፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ቀናት ሥራ አልገባችም።

እትዬ ሜትር በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የወንድማቸው ልጅ ወደ አያቷ አልጋ ሄዳ «አክስቴ አረፉ» ብትላቸው እናታቸው «የቷ አክስትሽ?» አሉ። ያለቻት አንድ አክስት ነበረች።  እናታቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ረፋዱ ላይ ግን ተነስተው፣ በዱላ ተደግፈው፣ ማንም ሳይጠራቸው አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል መጡ። ሟቿ የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ ጫፉን አንስተው በጣታቸው ዳሰሱና «ጠርዙ ተተርትሯል። እንዲህ ሆና አትሄድም» አሉ። መርፌና ክር አስመጡ። ዓይናቸው ስለደከመ ክሩን ያስገባችላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ስፌቱን ግን አላስነኩም። ቀሚሱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት በሞላው እጃቸው፣ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሰፉት።  ስፌቱ ጠማማ ነው፤ እንዲስተካከል የጠየቀም የለም።

እትዬ ሜትር አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ ዛሬ በፊት ወንበር የተቀመጡትን እናታቸውን፣ የወንድማቸውን ልጅ፣ እንዲሁም ልጆቻችሁ ሲያመሹ የማትደነግጡበትን ሜዳ ትተውላችሁ ሄደዋል። ባለቤታቸው፣ አባታቸውና ሁለቱ ወንድሞቻቸው ቀድመዋቸዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችኋቸው፣ ዛሬም ሥራችሁን ትታችሁ ለመጣችሁ፣ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጉ ስፍራ ያሳርፍልን። እኛን ያቃተን ይቅርታ እሱን አያቅተው።